በቤት ስለሚሞቅ ጢስና እንፋሎት

ውሃ ስትቀዳ፥ እንጀራ ስትጋግር፥ ልጅ አዝላ ገበያ ስትወጣና ስትወርድ የዋለች እናት ማታ ወገቧን ይዛ «እስቲ ዛሬ እንኳ ትንሽ ጢስ ብሞቅ» ብትል እውነቷን ነው። ሙቀት የደከመ ሰውነትን እንደሚያሳርፍ ከሐኪሞች አስቀድሞ እናቶች ያውቁታል። በወሎና በትግራይ የወይባ ጢስ ይሞቃል፤ የቦረና ሴቶችም በጢስ ይታጠናሉ፤ በጎረቤታችን በሱዳን ዱኻን ይሉታል፤ በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩት ፊንላንዶች ደግሞ ሳውና የሚባል የሙቀት ቤት በየግቢያቸው አላቸው።

በአዳማ (ናዝሬት)፥ በሞጆ፥ በወንጂ፥ በመቂ፥ በባቱ (ዝዋይ)፥ እስከ ሻሸመኔም ድረስ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ተደባልቆ ስለሚኖር ልማዱም እንደዚሁ የተደባለቀ ነው። አንዷ በጓሮዋ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራ ወይባ ታጨሳለች፤ ሌላዋ ባሕር ዛፍ ቀቅላ በእንፋሎቱ ትታጠናለች፤ ገንዘብ ያለው በሆቴል ያየውን ሳውና በቤቱ ሊያሠራ ያስባል፤ ለሶደሬ የቀረበው ደግሞ ፍል ውሃ ይወርዳል። ታዲያ «ለጤና የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

እኛ የምንመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም እሳቱ የት ነው ያለው? የሚል ነው። ሰው የሚሞቀው በአንድ ቦታ፥ እሳቱ የሚነደው በሌላ ቦታ ከሆነ አብዛኛው አደጋ ቀርቷል። እሳቱና ሰዉ በአንድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተገናኙ ግን እንጨቱ ወይባም ይሁን ወይራ፥ ጣራው ቆርቆሮም ይሁን ሣር፥ ነገሩ ለሕይወት የሚያሠጋ ነው። ይህን የምንጽፈው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። እናት ትሙቅ፥ ትረፍም፤ ነገር ግን በደኅና ገብታ በደኅና ትውጣ።

ሙቀት ምን ይሠራል፥ ምንስ አይሠራም?

ሰውነት ሲሞቅ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ላብ ይወጣል። ተኮማትሮ የዋለው ጡንቻ ይላላል፤ ስለዚህ የወገብና የትከሻ ድካም ይቀልላል፥ እንቅልፍም ይመጣል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ለሌሎች ስትሮጥ የምትውል እናት ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ሳይጠራት መቀመጧ ብቻውን ለጤንነቷ ይረዳታል።

ይሁን እንጂ ሙቀት የማይሰጠውን ከሙቀት መጠበቅ አይገባም። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ጢስ ማኅፀንን አያጥብም፤ ማኅፀን ከወሊድ በኋላ በራሱ ጊዜ ይጸዳል። ጢስ መካኒቱን አያስወልድም፥ የወረደ ማኅፀንንም አይመልስም። ጢስ የሞቀች ሴት ቆዳዋ ብጫማ መልክ ይዞ ማማሩ እውነት ነው፤ (መነኮሳት የሚለብሱት ብጫ ልብስም ወይባ ይባል የለምን?) ነገር ግን ይህ ጢሱ በቆዳ ላይ ትቶት የሄደው ቀለም ስለ ሆነ ከጤና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የምንሠጋው ለወባ ነው። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፥ ወባ ይበረታል። በዚህ ወቅት ሰውነቱ የተንቀጠቀጠ ሰው «ብርድ መትቶኝ ነው፤ ታጥኜ በላብ ላውጣው» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የወባ ተሐዋሲ የሚኖረው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለ ሆነ ላብ ቢፈስስ አብሮ አይወጣም፤ የተገኘው ትርፍ የሁለት ቀን መዘግየት ብቻ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን ወይም እርጉዝ ሴት፥ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ጢሱ ይቆየዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜም ብዙ ሰው በባሕር ዛፍ፥ በዳማከሴና በጤና አዳም እንፋሎት ይታጠን ነበር፤ እንፋሎት የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ቢያቀልል እንጂ በሽታውን ያመጣውን ቫይረስ አይገድልም። በፈላ ውሃ ድስት ላይ ጎንበስ ሲሉ የተቃጠሉ ሰዎች ግን በየአገሩ አሉ።

በፊንላንድ በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ነበር። 2,315 ጎልማሳ ወንዶች ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው ሲታዩ፥ በሳምንት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ሳውና የሚገቡት በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞቱት ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገቡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሰምተው «እንግዲያው ጢሳችን ለልብ ደግ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዛመድም። የተጠኑት ወንዶች ናቸው፤ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ሳውና ማዘውተሩም ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም በላይ እነርሱ የሚገቡበት ቤት ጭስ የሌለበት ነው። በከሰል ጭስ ታፍኖ መቀመጥ ለልብ እንደሚጠቅም የነገረን ጥናት የለም።

የማይታየው አየር

እንጨትና ከሰል ሲነዱ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው የምናየው ጭስ ነው፤ ዓይንን ያስለቅሳል፥ ያስላል፤ ሰውም ስለሚያስጨንቀው ይሸሸዋል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ይህ ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይንንም አይቆጠቁጥም፤ ስለዚህ የሚሸሸው የለም። ከሰሉ በደንብ ቀልቶ፥ ጭሱ ጠፍቶ፥ «አሁን ጠራ» ብለን ወደ ቤት በምናስገባው ጊዜ እንኳ ይህ አየር መውጣቱን አላቆመም። በብርድ ሌሊት ከሰል ይዘው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ በየጊዜው የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

አገዳደሉ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች ኦክሲጅን የተባለውን ጥሩ አየር ከሳንባ ተቀብለው ለልብና ለአንጎል ያደርሳሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክሲጅን ይልቅ 200 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኀይል ይጣበቅባቸዋል። አህያዋ ሌላ ጭነት ከተጫነች እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ እንደዚሁም ደሙ ይዘዋወራል፥ ልብ ይመታል፥ ኦክሲጅኑ ግን ለአንጎል አይደርስም። አንድ ጊዜ ከገባም ቶሎ አይለቅም፤ ሰዉ ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ እንኳ ግማሹ ከደሙ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። በማኅፀን ያለ ልጅ ደም ውስጥ ደግሞ ከእናቱ ደም ይልቅ በብዛት ይጠራቀማል፥ ቆይቶም ይወጣል።

እስቲ በብዙ ቤት ሊሆን የሚችለውን እናስብ። ከወለደች ሁለት ሳምንት የሆናት አራስ አለች። አማቷ በፍቅር ጢስ አዘጋጅተውላታል። «እማማ፥ በሩን ትንሽ ቢከፍቱልኝ፤ ራሴን አዞረኝ» ትላለች አራሷ። «ኧረ ተይ ልጄ! ላብ ላብ እያለሽ ብርድ ቢመታሽስ? ምች ነው የሚያነሣብሽ» ይላሉ አማቷ። በሩ እንደ ተዘጋ ይቆያል፤ የመስኮቱም ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። ጢሱ ካበቃ በኋላ በዚያው ፍም ላይ ቡና ይፈላል፥ ዕጣን ይጨመራል፤ ሕፃኑም በዚያው ቤት ተኝቷል። አማቲቱ ያሰቡት ደግ ነገር ነው። ሆኖም አራሷን ያዞራት የማይታየው አየር ነበር፤ በሩን እንዲከፈት የጠየቀችው ሰውነቷ ነግሯት ነው።

የዚህ አየር ምልክቶች ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታትና የጉልበት መክዳት ናቸው። ይህ የመጨረሻው እጅግ አደገኛ ነው፤ ሰውየው ልውጣ ብሎ ሲያስብ እግሩ አይታዘዝለትም። በአንድ ቤት ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው «ቡና ጎድሎብን ነው» አትበሉ፤ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ።

የብርዱን ነገር በተመለከተ ግን ለአማቶቻችን የምንነግራቸው መፍትሔ አለ። ብርድ የሚፈራው ለሰውነቷ ነው እንጂ ለቤቱ አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ከመወተፍ ይልቅ ሴትዮዋን በጋቢ ጠቅልሉ፤ ላቧን በደረቅ ጨርቅ አብሱ፤ ደረቅ ልብስ አልብሱ። በሩ ግን ክፍት ይሁን።

ለቤት የምንመርጠው

ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን እንናገርና፥ ለብዙ እናት ድካም ሞቅ ያለ ውሃ ይበቃል። በሳፋ የተቀዳ፥ ክርን የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነክሮ መቀመጥ፥ ወገብንም በሙቅ ውሃ በተጨመቀ ፎጣ መሸፈን ጡንቻን ያላላል። ማገዶው ጥቂት ነው፤ ውሃውም በኋላ ለእግርና ለልብስ መታጠቢያ ይውላል። ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ለሚፈልግ ቤተ ሰብ የምንመርጠው የጋለ ድንጋይ ነው። ፊንላንዶች ጥንት የነበራቸው፥ ዛሬም አንዳንዶቹ የሚወዱት የጭስ ሳውና የሚባል አለ። በጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ድንጋይ ከምረው ለብዙ ሰዓት እንጨት ያነድዱበታል። ከዚያም እሳቱ እስኪሞት ይጠብቃሉ፤ ፍሙን ያወጣሉ፤ በርና ቀዳዳውን ከፍተው ጭሱንና መጥፎውን አየር ያስወጣሉ፤ ሰው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚሞቃቸው እሳቱ ሳይሆን ሙቀቱን የያዘው ድንጋይ ነው። በገጠራቸው ሴቶች በሳውና ቤት ይወልዱ እንደ ነበር ስንሰማ ልባችን ወደ አራስ ቤታችን ይሄዳል፤ ልዩነቱ ግን በእነርሱ ዘንድ ሰው ሲገባ እሳቱ አስቀድሞ መጥፋቱ ነው።

እኛም በጓሮ ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ከመኖሪያ ቤት ተለይታ የተሠራች፥ በየጎኑ 2 ሜትር ያህል የሆነች የጭቃ ጎጆ ትበቃለች። ከላይ በጣራው ሥር አንድ ክፍት ቀዳዳ፥ ከታች በበሩ ሥርም እንደዚሁ ይኑራት፤ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፥ መቀርቀሪያ የሌለበት ይሁን፤ ራሱን የሳተ ሰው መቀርቀሪያ መክፈት አይችልምና። ድንጋዩ ከጎጆው ውጭ በእሳት ይጋላል። ሲግል በአካፋ አንሥታችሁ፥ የተጣበቀውን ፍም አራግፋችሁ፥ በአሮጌ የብረት ባልዲ ውስጥ አግቡት። ፍም አብሮ ከገባ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

የድንጋዩ ነገር በእኛ አገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ስለ ሆነ በየሜዳው የምናገኘው ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለው ቀላሉ፥ ቀዳዳ የበዛበት ፑሚስ ሙቀት አይዝም። እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብረቀርቀው ባልጩት ሲግል ይሰነጠቃል፥ ስባሪውም እንደ ምላጭ ነው። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ደግሞ ውስጡ ውሃ ስለሚይዝ በእሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የሚሻለው ከደረቅ መሬት የተለቀመ፥ ከባድ፥ ስንጥቅ የሌለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁለት ጡጫ የሚያህሉ 10 ወይም 12 ድንጋዮች ይበቃሉ። ባልዲውን በጎጆው ጥግ፥ እግር በማይደርስበት አስቀምጣችሁ ውሃውን በረጅም እጀታ ጭልፋ ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት፤ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ፥ እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ይነሣልና። ጥቂት የባሕር ዛፍ ቅጠል በውሃው መጨመር ሽታውን ያሳምራል። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ለመጠጣት አይደለም፤ ሕፃንም አይቀባም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። በደረቅ ሳውና ፊንላንዶች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችሉት አየሩ ደረቅ ስለ ሆነና ላባቸው ተንኖ ሰውነታቸውን ስለሚያበርድ ነው። በእንፋሎት ቤት ግን ላብ አይተንም፤ ስለዚህ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ያለው እንፋሎት ሰውነትን ቶሎ ያሞቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገባ 5 ደቂቃ፥ የለመደችም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃታል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የአዳማና የመተሐራ ፀሐይ በሚበረታበት ጊዜ ቀን ላይ ጭራሽ አይሞከር፤ ሲመሽ ይሁን። ከመግባት በፊትና በኋላ ውሃ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት ይጠጣል። ጠላና አረቄ ጠጥቶ መግባት ግን ማዞርን ያብሳል፥ መውደቅንም ያመጣል።

ወይባን የማይተው

«ድንጋዩ ይቅርብን፥ እኛ የምንወደው የወይባውን ሽታ ነው» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። እንግዲያውስ ሜዳ ላይ ይሁን። በጓሮ፥ ዙሪያው በአጥር ወይም በሸራ ተከልሎ ላዩ ሰማይ የሆነ ቦታ አዘጋጁ፤ የሣር ክዳንና የደረቀ ጭድ በአጠገቡ አይኑር። በአዳማ ነፋስ የተለመደ ስለ ሆነ ነፋሱ ጸጥ በሚልበት ሰዓት አድርጉት። ጉድጓዱ ጠባብ፥ ፍሙ ጥቂት ይሁን፤ እንጨቱ ይጤስ እንጂ አይንደድ። መቀመጫው የማይነቃነቅ ሆኖ ከፍሙ ራቅ ይበል። የምትከናነቡት ከጥጥ የተሠራ ጋቢ ወይም ቡልኮ ይሁን፤ ናይሎንና እርሱን የመሰለው ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ራስና ፊት ምንጊዜም ከጋቢው ውጭ ይሁኑ። በጋቢው ውስጥ ያለው አየር በተዘጋ ቤት ውስጥ ካለው አየር አይለይም፤ ራሷን የተከናነበች ሴት ሜዳ ላይ ሆናም ልትታፈን ትችላለች።

እንጨቱን ከምታውቁት ሰው ግዙ። ቀለም የተቀባ ሳንቃ፥ ኮምፔርሳቶ፥ ላስቲክና ፕላስቲክ አይጨመርበት። ቁልቋልና ቅንጭብም አይነካካው፤ ወተቱም ጭሱም ዓይን ይጎዳል። አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አጠገብ ይቀመጥ፤ ጨዋታውም አይጠላም፥ ለአደጋም ይደርሳል። አንድ ባልዲ ውሃ በአጠገብ ይኑር።

የኤሌክትሪክ ሳውና

በከተማ የምትኖሩ፥ ወይም ዘመድ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክላችሁ፥ በእንጨት የተለበጠ የኤሌክትሪክ ሳውና ልታሠሩ ታስቡ ይሆናል። ፊንላንዶች ይህንን ባህላቸውን በጣም ስለሚያከብሩት በ2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ እንዲገባ አድርገዋል። የኤሌክትሪኩ ሳውና ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድም ስለሌለው በዚህ በኩል ደኅና ነው። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ክፍል 1 ኪሎዋት ያህል ኀይል ይፈልጋል። በየጎኑ 2 ሜትር የሆነች ክፍል 8 ሜትር ኩብ ናት፤ 8 ኪሎዋት ማለት ሁለት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ ለብዙ ጊዜ እንደ መለኮስ ነው። የቤታችሁ ቆጣሪና ሽቦ ይህን ይችል እንደ ሆነ ሳይጠየቅ እቃው አይገዛ፤ አርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦም ሳይኖር አይሠራ። ከፕላስቲክ እንደ ድንኳን የተሠራውን፥ ጀበና የሚያህል የእንፋሎት ማፍያ ያለውን ርካሽ እቃ ብዙም አንመክርም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ እግር ሥር ሲገናኙ ማየት ደስ አይለንም።

ፍል ውሃ ለቀረበው

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆኗል። የእኛ አገር ሰው ግን በዚህ በኩል ከአዲስ አበባ ሰው አያንስም፤ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሶደሬ አለ፥ ወደ ወንጂ በኩል ገርገዲ አለ፥ ለሻሸመኔ ሰው ደግሞ ወንዶ ገነት ቅርብ ነው። ምድር ራሷ ያሞቀችው ውሃ ማገዶ አይጠይቅም፥ ጭስም የለውም፤ ስለዚህ ለሚቀርበው ሰው ከቤት ጢስ ይሻላል እንላለን። ከመግባት በፊት ውሃውን በክርን መሞከር ይገባል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ለብዙ ሰው አይስማማም፥ በሻላ ሐይቅ ዳር ያለው ደግሞ ጨርሶ የሚያቃጥል ነው። በሶደሬ ፍል ውሃውን ትቶ ወደ አዋሽ ወንዝ መውረድ እንደማያስፈልግ አዞዎቹ ራሳቸው ያስታውሳሉ።

ከፍል ውሃ የሚመጣው ሌላው ነገር ግን በዓይን አይታይም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ከመጠን በላይ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ሰፈሮች ከዚህ የበለጠ ፍሎራይድ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ጠቁሮ፥ የአንዳንዶቹም ወገብና አንገት ደርቆ መገኘቱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በዚህ ውሃ ሰውነትን መታጠብ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው መጠጣቱ ነው፤ ይልቁንም ጥርሳቸው በመብቀል ላይ ያለ ሕፃናትን ይጎዳል። ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ፍል ውሃን ለሆድ መድኃኒት ብሎ በጀሪካን ቀድቶ ለልጆች ማጠጣት ይቅር። እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ፥ የኤች አይ ቪ፥ የሚጥል በሽታ፥ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ፍል ውሃም ጠበልም ስትሄዱ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ቀንም አታቋርጡ።

እነማን ይቆዩ?

እርጉዝ ሴት አትሙቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የእናቲቱ ሰውነት ከ39 ዲግሪ በላይ ከሞቀ የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ሊበላሽ ይችላል፤ ብዙ ሴት ደግሞ በዚያን ጊዜ ማርገዟን ገና አላወቀችም። ወር አበባዋ የቀረባት ሴት እንግዲህ ታስብበት።

አራስን በሚመለከት አስተያየታችን ከልማዱ ጋር እንደሚጋጭ እናውቃለን። ይሁን እንጂ እስከ 6 ሳምንት ድረስ በጢስ ላይ ባትቀመጥ ይሻላል። በወሊድ የተተረተረ ወይም የተሰፋ ቁስል በሙቀት ይቃጠላል፤ የደም ሥሮች ሲሰፉ ደም መፍሰሱ ሊብስ ይችላል፤ ደም ያነሳት ሴት ደግሞ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ራሷን ትስታለች፥ ከፊቷ ያለውም እሳት ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደችማ ቁስሏ ሳይድን አይታሰብ። በዚህ ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ንጹሕ ጨርቅ መቀየር፥ ገንፎና አጥሚቷን መብላት ይበቃታል። የሚከረፋ ፈሳሽ፥ ትኩሳት ወይም የማይቆም ደም ከታየ ጢስ አይዘጋጅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ሕፃኑም ጭስ ወዳለበት ቤት አይግባ፤ ጭስ የሕፃናትን ሳንባ ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ወደ እሳት አጠገብ ብቻውን አይቅረብ። የልብ በሽታና ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባቸው፥ በስኳር በሽታ እግራቸው የደነዘዘ፥ ትናንሽ ልጆችና አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችም ይቆዩ። ጾመኞች ደግሞ ሳይበሉና ውሃ ሳይቀምሱ በዋሉበት ሰዓት አይግቡ፤ ከጾም ፍቺ በኋላ ይድረስላቸው።

አደጋ ሲደርስ

አንድ ሰው በጢስ ቤት ውስጥ ወድቆ ብታገኙ አስቀድማችሁ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ፤ ጩኹና ሰው ጥሩ። ቶሎ ወደ ውጭ ጎትታችሁ አውጡት፤ እናንተም እዚያ ውስጥ አትቆዩ፥ አዳኝ ሆኖ ገብቶ የቀረ ብዙ ነውና። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት መጥፎውን አየር ከደም አያወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ፥ መኪና ወይም አምቡላንስ ፈልጋችሁ ኦክሲጅን ወዳለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግማሹ አየር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከደሙ ይወጣል። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ይታይ፤ እርጉዝ ከሆነች ያለ ምንም ማመንታት ትወሰድ።

የተቃጠለ ቆዳ በሚፈስስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። ቡና፥ ሊጥ፥ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና አይደረግበት፤ ቁስሉን ያመረቅዙታል። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ጢሱ ሲያበቃ ጋቢውን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የታጠባችሁበት ውሃም በጓሮ ተኝቶ የትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ወደ ተክሉ አፍስሱት። ጉድጓዱ ላይ ውሃ አፍስሳችሁ በአፈር ሙሉት፥ በላዩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑበት። ፍም በአመድ ሥር ተደብቆ እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል፤ በጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ወደ ጓሮ የሚወጣው ደግሞ ገና ድክ ድክ የሚለው ልጅ ነው።